እስከ ዘጠኝ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ድንጋዩ ሳይግል፣
የኸሰብን ምሽግ እገባለሁ፣ በጨርቅ ልወለውል።
መጀመሪያ መድፎቹን። አፋቸው ወደ ባሕር፣
የሸረሪት ድር ነው ዛሬ የሚተኩሱት ነገር።

ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ «ፖርቱጋሎች ሠሩት፣
ለመርከቦቻቸው ቴምርና ውሃ ሊጭኑበት።»
አራት መቶ ዓመት፣ በሰሌዳ ሦስት መስመር፤
ጨርቄ ለሦስቱም ይበቃል፣ አንድ ጊዜ ሲዞር።

እንግሊዝ ደግሞ መጣ፣ ሽቦ በባሕር ሥር ጎትቶ፣
ከተራራው ጀርባ፣ ከራቁት ደሴት ላይ ቤት ሠርቶ።
ከቦምቤይ እስከ ለንደን ሲያሻግሩ ወሬ፣
በሙቀት ያበዱ ነበር ይላሉ። ዛሬ
ቱሪስት በጀልባ ይሄዳል፣ የቀረውን መሠረት ሊያይ፣
ዶልፊን ብቅ ካለ ግን ዓይኑ ሁሉ ውሃው ላይ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣ ሽማግሌው መርዙቅ፣
ጡረታው ካለፈ ወዲህም ከበሩ የማይርቅ፣
ዓሣ ያደርቃል ከግንቡ ማዶ፣ በአሮጌ ምንጣፍ፣
እየቆጠረ ይደረድራል፣ ጭራ ከጭራ፣ አፍ ከአፍ።

ቁጥሩን ሰማሁ አንድ ቀን።
ዐረብኛ መሰለኝ፣ አይደለም፤
ፋርስኛ ነው አልኩ፣ ያም አይደለም፤
«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» ባልዲው ከእጄ ወደቀ፣
ውሃው በድንጋዩ ላይ እስከ መድፉ ዘለቀ።
«አፉር፣ ሸን፣ ጀሃ፣ ቶርባ፣ ሰዴት፣ ሰገል» ብሎ ቆመ፣
ዘጠነኛዋን ዓሣ አስተኛ፣ ደግሞ ከአንድ ደገመ።

እናቴ በዚህ ነው ከሚሴ ገበያ በርበሬ የምትሰፍር፤
ልጅ ሆኜ በአማርኛ እመልስላት ነበር፣ ሰው ፊት ሳፍር።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛ።
«አያቴ፣ ሐበሻዋ። ዓሣ ቆጣሪዎች ነበርን እኛ።
በታጁራ በኩል ነው አሉ፣ ልጅ ሆና ያመጧት፣
የዕንቁ ነጋዴ ገዛት። ኋላ እንግሊዞች ወረቀት ሰጧት፣
‹ነፃ ናት› የሚል፣ ማኅተም ያለበት። የሚያነብ ማን ነበር? እንጃ፤
ነፋስ ሲያስቸግራት ለቀዳዳው መስኮት አደረገችው መጋረጃ።»

«አሥርስ?» አልኩት።
«ምን አሥር?»
«ከሰገል ቀጥሎ ያለው!»
ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። «እሱን እንኳ አልሰማነው።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ይሆን፣ ከደጅ ሲሰርቋት?
ወይስ አሥሩን ለራሷ ብቻ ደብቃ አስቀርታት?

«ኩደን» አልኩት። «ኩ… ደን።» በአፉ አገላብጦ ቀመሰው፣
ጨው እንደበዛበት መረቅ መልሶ ተወው።
«ይቅርብኝ፣ የኔ ልጅ። ዘጠኝ በዘጠኝ ነው ስንሸጥ የኖርን፤
አሥር አለ ካልንማ፣ ስንቱ ነው ሂሳብ የሚጠይቀን?»

ሳቀ፣ ሳቅሁ። ውሃ የፈሰሰበት ድንጋይ ደረቀ ወዲያው፤
ሰሌዳውን ዳግም ወለወልኩት፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ እንዲያው።

ማታ ግንቡ ላይ ወጣሁ፣ ባንዲራው ሥር፣ መስኮት ልዘጋ፤
የኢራን ጀልባዎች ፍየል አራግፈዋል፣
ሲጋራ ጭነዋል፣ ሊሻገሩ ሳይነጋ።
ደረጃውን ስወርድ በእናቴ ቋንቋ ቆጠርኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሳላፍር፤
ሰገል ላይ እግሬ ቆመ።
ደረጃው ግን ገና ነበር።