አልጋ ወራሽ

ይህን አልጋ ስገዛ ጥቁር ነበር ጠጕሬ፤
እሱ እንደዚያው አለ፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ ዛሬ።
ስድስት ምሰሶ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ አጥር አለው፤
ቤት ውስጥ ያለ ቤት ነው፣ ገብቶ ለሚያድርበት ሰው።
ሚስማር የሚባል አያውቅም፤
እንጨት በእንጨት ገብቶ፣ ጥርስ በጥርስ ነክሶ፣
ስንት ዙፋን ሲፈርስ ቆሟል እርስ በርሱ ተንተርሶ።

ዘሩ ከደቡብ ደሴት ነው፤ «ቢጫ አበባ» ነው ስሙ፤
መላጊያ ሲነካው ይሸታል፣
ሦስት መቶ ዓመት ኖሮም አልደረቀም ደሙ።
አንጓው ላይ ፊት አለው። «የሙታን ፊት ነው» ይላሉ
ነጋዴዎች፣ ዋጋውን በሙታን ስም ሊሰቅሉ።
እኔ ቈጥሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው ፊቶቹ፤
አንዱ አጎቴን ይመስላል፣
ብድር ሲጠይቁት፣ ጥብብ ሲሉ ዐይኖቹ።

ያኔ በሻንሺ መንደሮች በብስክሌት ስዞር፣
ሰዉ አሮጌውን ጥሎ የብረት አልጋ ሊገዛ ሲማከር፣
የአሮጊቷን የሚያዎን በር አንኳኳሁ በመኸር።
ስድስት ልጅ ወልዳበታለች፤
ሁለቱን ለቀብር ሸኝታለች፣ ከዚያው ላይ አንስታ፤
ጭስ አጥቁሮታል፤ ዶሮ ታቅፋለች ራስጌው ላይ ተጠግታ።
ጣቴን በምራቅ አርሼ አንዱን እግር አሸሁት፤
ከጥቀርሻው ሥር የማር ቀለም ብቅ አለ፤
ፊቴን ዘጋሁት። ያየውን አላየሁም ካላለ
ሰው ምኑን ነጋዴ ተባለ?

«አሮጌ ነው» አልኳት። «አሮጌ ነው» አለች።
ሁለታችንም አንድ ቃል ተናገርን፤
አንዳችን ዋሸን።
የሁለት ብረት አልጋ ዋጋ ሰጠኋት፤ መረቀችኝ።
ያች ምርቃት ናት ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ከሉኦ ጋር ፈታነው፤ ሉኦ አናጢው፣ ጣተ ጎራዳ፤
ሰባ ሦስት ቁራጭ ሆነ፣ አንድም ጥርስ ሳይጐዳ።
ቲያንጂን አድርሰን ስንገጥመው ግን
ሉኦ ቈጠረ፣ ደግሞ ቈጠረ፤
«ከግራው አጥር አንድ ሳንቃ ቀረ።»
በቀኙ አጋዘን አለች፤ በግራው ባዶ አፍ፣
እንደ ወለቀ ጥርስ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ።
«ልቅረጽልህ» አለኝ ሉኦ። እንቢ አልኩ።
ሃያ ዓመት ከገበያ ገበያ አጋዘን ሳሳድድ ኖርኩ።

በመጨረሻ ሄድኩ ተመልሼ።
ሚያዎ ሞታለች። ቹንያን፣ የልጅ ልጇ፣
ደጃፍ ላይ ጎመን ትጠቀጥቃለች፣ ጨው ነክቶት እጇ።
ከጋኑ አፍ ላይ፣ ትልቅ ድንጋይ ተጭና፣
አጋዘኔ ተኝታለች፤ ከጨው ብዛት ገርጥታለች፤ ግን ደኅና።

«ሽጪልኝ።»
«ክዳን ናት።»
አንድ አልጋ የሚያስገዛ ብር ቈጠርኩላት።
«ክዳን ናት አልኩህ! ያ ጣቱን በምራቅ የሚያርሰው ሰውዬ
አንተ ነህ? አያቴ ነግራናለች፤
ጣትህን ስታይ ነው ሌሊቱን ይህቺን የነቀለች።
‹ይመጣል› ብላለች፣ ‹ሲመጣ ጎመን አብሉት›።»
አበላችኝ። ኮምጣጣ ነበር፤ ዐይኔን አስለቀሰኝ፤
ኮምጣጤው ነው፣ አልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝ።

ልጄ ሚንቸ ሃያ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለ፤
መጥቶ ለካው፤ ጣሪያዬ አይችለውም አለ።
«ሽጠው፣ አባባ።» እኔ አልሸጥም፣ እሱ አይወስድም፤
ለንጉሥ አልጋ ወራሽ ይጠፋል አሉ፤
ለእኔም፣ ለተራው ሰው፣ አልተገኘም።

ስለዚህ እተኛበታለሁ።
ጥቅምት ሲገባ ከወንዙ የሚነሳው ብርድ
በዚያች ክፍተት ሾልኮ ግራ ጎኔን ይነካኛል።
በትራስ ልወትፋት እነሳለሁ፤
እጄን ሰድጄ ባዶዋን ዳስሼ እመለሳለሁ።
ይኼኔ ሻንሺ ውስጥ፣ እላለሁ፣
ጎመኑ ደርሷል።