ቦታ ስላለቀ

ኦሳካ፣ ናካትሱ ሰፈር፣ ዝናብ ያዘለ ማለዳ፤
ጃንጥላዬን በር ላይ ትቼ ገባሁ እንደ ሩቅ እንግዳ።
ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘጠነኛው ዓመት ሲሞላ
“ና እየው” አሉኝ ልጆቹ፣ “ጨዋታህ ለብሷል ሌላ ገላ።”

መሪያቸው ኮቶኔ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፤
እኔ ያን ባሕር ስስለው ገና አላገባም አባቷ።

ባሕር ብዬ የምለው ሦስት ቀለም ነበር ያኔ፣
ሁለት ሰማያዊና አንድ ነጭ፤ ያንን ነበር የያዝኩት እኔ።
አሥራ ስድስት ነጥብ በወርዱ፣ አሥራ ስድስት በቁመቱ፤
አንዲት ነጥብ ፈቀቅ ስትል ይናወጥ ነበር ጥልቀቱ።
አሁን ማዕበሉ ሲመጣ አረፋው ዓለት ይልሳል፤
የፀሐዩ ስባሪ ከውኃው ዓይን ድረስ ይደርሳል።

ዜማው የቶሞያሱ ነው፤ ካረፈ ሆኖታል ዓመታት፤
ሦስት ድምፅ ብቻ ተሰጠው፤ አንዱን ሰይፍ ሲነጥቅበት
በሁለት ይቀጥል ነበር፣ እንደ አንካሳ መንገደኛ፤
ዛሬ ስልሳ ሰው ይጫወተዋል፣ ሁሉም ደኅና፣ ሁሉም ጤነኛ።

“ያምራል” አልኳት። ያምራልና። አልዋሽም በገዛ ሙያ፤
ግን ዓይኔ እያሳበረ ሸሸ ከመንደሩ ዳር፣ ወደዚያ፦
ከጉድጓዱ በስተግራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
አንድ በር ነበር፣ ድፍን ጥቁር፣ ማንም ሰው ያልታየ ሲገባ።
ጀግናው ቢያንኳኳ አይከፈት፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት መልሱ፦
“ገና ነው፤ ቆይተህ ና።” ስንት ልጆች ተመላለሱ!
ዘንዶ ገድለው፣ ዘውድ ጭነው፣ ሰባት ባሕር አቋርጠው
ይመጣሉ። ይቆማሉ። “ገና ነው።” ይሄዳሉ አንገት ደፍተው።

ከሰንዳይ አንድ ልጅ ጻፈ፤ ደብዳቤው እስካሁን አለኝ፤
“እናቴ ያለችው እዚያ ነው?” ብሎ በእርሳስ ጠየቀኝ።
ምን ልበለው? ዝም አልኩት። ያ ዝምታ ዛሬም ቆጠቆጠኝ።

ኮቶኔ ጠጋ አለችኝ፣ ድምጿን እንደ ምስጢር ዝቅ አድርጋ፤
“ከበሩ ኋላ ማን ነበር? ስንከራከር ነው የነጋ።”

ሳቅኩ፤ የጥርስ ሳቅ።
“ማንም” አልኳት፤ “ምንም። የካሴቱ ሆድ ሞልቶ ነው፤
ለአንዲት ወንበር፣ ለአንድ አልጋ የሚበቃ ቦታ አልነበረው።
ለማስረከብ ሦስት ቀን ሲቀር እኔም ጥቁር ቀባሁበት፤
‘ገና ነው’ ያልኩት ለራሴ ነው፤ ልመለስ ነበር፣ ልሠራበት።”

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ በሩን ከፍታ ብርሃን ለቀቀች፤
አንዲት ሴት ከመስኮቱ ሥር ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች።
ስም አላት፤ የሞተ ባል አላት፤ ለዕንባዋ ብቻ አራት ሰው
ወራት ደክሟል። ሲወርድ ልጠርገው ቃጣኝ፣ ሳላስበው።
ደራሲ ቀጥረው፣ ተዋናይት ቀጥረው፣ ቀዳዳዬን ደፈኑት፤
እኔ የተውኩትን ድህነት በወርቅ ክር ሰፍተው ሸፈኑት።

የሰንዳዩ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ገዝቶ ይከፍተዋል።
እናቱ አይደለችም ይህቺ፤ በሩ ሲከፈት ይዘጋበታል።

ቂም የለኝም። የኛም ሥራ አልነጻም ነበር ከኃጢአት፤
አንዲት ስህተት ትመልስህ ነበር የስድስት ሰዓት ርቀት።
አንዲት ቅጠል ለመሸመት ስምንት ጊዜ ቁልፍ ስንጫን
“ትዕግሥት” ነበር የምንለው፤ ቅጣት ነበር፣ ዛሬ ሲመዘን።

ከወራት በኋላ ተሸጠ። የልጄ ልጅ ኢቶሃ፣ ሰባት ዓመቷ ነው ገና፣
አማጋሳኪ ቤቴ መጥታ ተጫወተችው ትናንትና።
ባሕሩን አይታም አላየች፤ የሴትዮዋን ረጅም ለቅሶ
ብስኩት እየቆረጠመች ዘለለችው፣ ጣቷ ፈጥኖ ደርሶ።

ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ግን አጥር አለ፣ ጥላ ያረፈበት፤
እነ ኮቶኔ ይሆናሉ ቀን አጥሯቸው ባዶ የተዉት።
ጀግናው አይሻገረውም፤ አየሩ ግንብ ሆኖ ያግዳል።
ልጅቷ ተገትራ ቀረች።
“አያቴ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ነው? እዚያ አንድ ሰው ይራመዳል።”

የማውቀውን አውቃለሁ፦ ማስረከቢያ ቀን፣ ያለቀ ቦታ፣
ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋ ወጣት፣ የቀዘቀዘ ሻይ በማታ።
አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

“ገና ነው” አልኳት፤ “ቆይተሽ ነይ።” አልተከራከረችም፤ ታዘዘች።
መንደሩን አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰች። ቆመች። ጠበቀች።