ቁጥር አርባ ሰባት

ጅማ ላይ ዝናቡ ቀጠሮ አያውቅም፤
በጥቅምት ይመጣል፣ በጥር አይሰለችም።
ቀዩ ጭቃ ደግሞ ደጅ አይቀርም፣
በእግር ተሳፍሮ፣ በጎማ፣ በከዘራ፣
ሳሎን ድረስ ይዘልቃል፣ እንደ ቤተ ዘመድ፣ ሳይጠራ።

ሹክሪያ ግን አለች።
ንጋት ሳይገልጠው የቦሳ ቂጦን ጉም፣
ከሱብሂ ወዲያ አልጋ አያውቃትም።
መጥረጊያዋን ነክራ፣ ሁለቴ አራግፋ፣
ጓዳውን ጨርሳ፣ ሳሎኑን አልፋ፣
በር ላይ ስትደርስ የትናንቱ ዕለት
በአንድ እፍኝ አቧራ ተጠቅልሎ ይወጣል ከቤት።

እኔ ባሏ ነኝ።
ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሥራዬ መሰላል መያዝ፣
ሚስማር ማቀበል፣ ከታች ሆኖ ማዘዝ፤
ማዘዜን ግን አትሰማም።
ጣራው ላይ ወጥታ፣ ጎረቤት ሲያያት፣
“እዚህ ጋ ነው” ትላለች፣ ዝገቱን ዳስሳ በጣት፤
ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ክብ ቆርጣ፣
ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ አስቀምጣ፣
ትመታዋለች፤ መንደሩ ይነቃል፤
የሌሊቱ ጠብታ በዚያው ይደርቃል።

ሻጋታ ደግሞ አለ፣ የአገራችን ጌጥ፣
ጫማ ውስጥ፣ ኮት ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ ግርጌ የሚቀመጥ።
በበረኪና አሽታ ታስለቅቀዋለች፣
በሳምንቱ ሲመለስ “መጣህ?” ትለዋለች።

ባለፈው ሰኔ ነው፣ ሁለት ልጆች መጡ፣
“መንገድ ሊሰፋ ነው፣ እንለካ” ሊሉ።
ጫማ አስወለቀቻቸው።
በካልሲ ነው የለኩን፣ ከአጥር እስከ ጓዳ።
የአንዱ አውራ ጣት ወጥቶ፣ “መርፌ ላምጣ” ስትል፣
አፍሮ ወጣ በጥድፊያ፣ ቀለሙ ጣሳ ላይ ሲዋልል፤
ግድግዳችን ላይ
በቀይ
“47” ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ እጁን ጣለ፤
“ለሚፈርስ ግድግዳ ኖራ ለምኔ?” አለ።
የእነ ተማም ቦይ በቅጠል ተዘጋ፣
የእትዬ ዓለምወርቅ ቆርቆሮ፣ ተገልቦ ሲነጋ፣
መልሶ የመታው የለም።
እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
መሰላሉን ከእንጨት ክምር ኋላ ደበቅሁት።

አንድ ነገር አለ፣ ለእሷ ያልነገርኳት፦
ድሮ፣ ማዘጋጃ ቤት እንጀራ ሲሰጠኝ፣
ያን ቀይ ቀለም እኔም በጣሳ አንጠልጥዬ
ስንት በር ላይ ጽፌአለሁ “ሊፈርስ ነው” ብዬ።
አጂፕ አካባቢ አንድ ቤት፣ ቁጥሩን የሰጠሁት፣
መንገዱ ሳይመጣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆየበት።
ዶዘር አልነካውም።
ባለቤቶቹ ግን መጥረግ ካቆሙ ለታ
መጀመሪያ ቦዩ፣ ከዚያ ጣራው፣ ከዚያ ወጋግራው፣
በገዛ ምስጡ ነው የወደቀው፣ በዝግታ፣
ማንም ሳያየው።

አንድ ማታ አልኳት፦ “ተይው በቃ፣ ሹክሪያ፣
ለማን ነው ይሄ ሁሉ ባልዲ፣ ይሄ ሁሉ መጥረጊያ?”
ጨርቁን ጨመቀች። ሌላውንም ጨመቀች።
“ሰው እንኳ” አለችኝ፣
“ሰው እንኳ ለአፈር ታጥቦ አይደል የሚሄደው?
እኔ ቤቴን ሳላጥብ ለማን ልሰጠው ነው?”
ከዚያ ዝም።
አዌቱ ሞልቶ ሲያጉረመርም ሰማሁ፣ ከታች፣
መኝታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እንቢ እስኪለኝ ድረስ።

ዛሬ ጠዋት ኖራ በጠበጠች።
ከታች እስከ ላይ ግድግዳው ነጣ፤
ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ትንሿን ብሩሽ አምጥታ፣
ቀዩን ሳትነካ፣ ዙሪያውን ተከትላ፣
እንደ ፎቶ ፍሬም ከበበችው።
“የመንግሥት ጽሑፍ ነው፣ አላጠፋውም፤
ግን እኔ ቤት ቆሽሾ አይውልም።”

አርባ ሰባት እንዲህ አምሮ አይቼ አላውቅም።

ጂሬን ላይ ደመናው ሲጠቁር አየሁና፣
ሳልጠየቅ፣ ጉልበቴን እያሸሁ፣
መሰላሉን አቆምኩት እንደገና።