ቋሚ አድራሻ

ሄርጌይር፣ ልንገርህ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ጣራውን ውሽንፍር ሲገርፈው በቁጣ፣
ቢሪታ ደወለች፦ «ሚዛኑ ድምፅ አጣ፣
ትሮንዱር ከነዓሣው ሊደርስ ነው፤ ነይ ቶሎ፣
መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ አዲሱ ኮምፒውተር
ዝም አለ፣ መረቡን ጥሎ።»

ካፖርት በፒጃማ ላይ ደርቤ መጣሁ፣
ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሳጥን ላይ ተቀመጥሁ።
ሊኑክስ ነው፤ ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል፣
እንደ አንተው፣ ካልጠየቁት ምንም የማይል።
አስቀድሜ ገመዱን ዳሰስሁ፤ አረንጓዴዋ መብራት
ብልጭ ትላለች፤ አለች በሕይወት።

ፋይሉን ከፈትሁ። ቋሚ አድራሻው አለ፣
መጨረሻው አሥራ ሰባት፣ እንደታቀደው ዋለ፤
ግን አንዲት ባዶ ቦታ፣ የእኔው ጣት ስሕተት፣
መስመሩን ገፍታዋለች ከወንድሞቹ ፊት።
ይህ ፋይል በባዶ ቦታ ነው የሚያምን፣
ከቃሉ ይልቅ የሚቆጥር ዝምታውን።

አረምሁ። ቀጥዬ የአድራሻውን ጭምብል ሳየው፣
ሃያ አራት የሚባለውን ሠላሳ ሁለት ብዬው፣
ምስኪኑ ማሽን ዓለሙን አጥብቦ
ራሱን ብቻ ነበር የሚያየው ከብቦ፤
መውጫ በሩ አጠገቡ ተከፍቶ ሳለ
«ከእኔ በቀር ጎረቤት የለም» እያለ።
ከቀብርህ ወዲህ እኔም እንዲያው ነበርሁ፤
እሱስ ይቅር። ጭምብሉን አስተካከልሁ።

በሩን ጠራሁት፤ በሩም መለሰ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ።
ስምንት ደቂቃ።
ከዚያ ጸጥ።
«አጥፍተሽ አብሪው» አለች፤ የሁላችንም ሃይማኖት።
አጠፋሁ፣ አበራሁ። ስምንት ደቂቃ ሕይወት፣
ደግሞ ሞት።

በጀርባዬ ፋይሉን የሚደልዝ ሌላ
ፕሮግራም ይኖራል ብዬ አሰስሁ፤ የለም። መላ
ጠፋኝ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ የትሮንዱር መብራት
ከባሕረ ሰላጤው አፍ ብቅ ሲል፣ ድንገት
ከላፕቶፔ ለመረቡ ሁሉ ጮኽሁ፣ እንደ ሞኝ ሰው፦
«አሥራ ሰባት ማነው?»

«እኔ» አለ አንዱ።
«እኔ» አለ ሌላው።

ገመድ ተከትዬ፣ ከጨው ክፍሉ በላይ፣
በመሰላሉ ወጣሁ መረብ ማድረቂያው ላይ፤
በተበጣጠሰ መረብ፣ በጎማ ቦቲ መሃል፣
ሹራብህን ለብሶ አንድ ሳጥን ያስላል።
ግንባሩ ላይ ፕላስተር፣ የእጅህ ጽሑፍ፣ የደበዘዘ፦
«አሥራ ሰባት። እንዳትነኩ።»

ምን ይሠራል ብዬ መዝገቡን ገለጥሁ።
በየአሥር ደቂቃው፣ ከጀልባ ማቆሚያው ሥር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የባሕሩን ሙቀት ሲቆጥር
ኖሯል። ለማን እንደሆነ አልጻፍህም።
የሞትህባትም ሌሊት አለች፦ አምስት ነጥብ ዘጠኝ።
ባሕሩ አልሰማ፤ ማሽኑም አልሰማ፤
እኔን ግን ብርድ ያልሆነ ነገር አንቀጠቀጠኝ።

ሕጉ ቀላል ነው፦ ሟች ይልቀቅ፣ ቋሚ ይግባ።
እጄ ሶኬቱ ጋ ደረሰ፤ ግን ሆዴ ባባ።
ቋሚ ብለህ ሰየምኸው፤ ለካ ቋሚው እሱ ነው፣
እኛ ነን ስምንት ደቂቃ የምንቆየው።

ወረድሁ። የእኔን ፋይል ከፍቼ ሰባቱን ደለዝሁ፣
አሥራ ስምንት ብዬ፣ ባዶ ቦታዋን ሁለቴ ቆጥሬ፣ ዘጋሁ።
የመጀመሪያው ሳጥን ዓሣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ
ደረሰኙ ተተፋ፣ እየተንጣጣ።

«ምን ነበር?» አለች ቢሪታ፣ ጓንቷን እያወለቀች።
«ሁለት ሰው አንድ ቤት ገብቶ ነበር፤ አንዱ ጎረቤት ሆነ» አልኋት። ሣቀች።
ስለ ሹራቡ አልነገርኋትም፤ የሠራችው እሷ ናት።

ባሕሩ አሁን ስድስት ነጥብ አራት ነው፣ ሄርጌይር።
ሲነጋ ወደ ላይ እወስዳታለሁ።
የመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ላልቷል፤
መዶሻ ልፈልግ።