ውታፍ

አምስት ክረምት ሙሉ ተደፍታ ከጓሮ፣
ሲወጣባት ከርሞ ሲወርድባት ዶሮ፣
የአባቴ ጀልባ፣
ሐይቁ ሦስት መቶ እርምጃ፣ እሷ ግን ከአቧራ፣
ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ኖረች ከኩስ ጋራ።

ቆራሌው መጣና ጎኗን በእግሩ መታት፣
ሚዛን አንጠልጥሎ በኪሎ ሊገዛት፤
«ድስት ነው የሚወጣት፣ ቢበዛ ሃያ ድስት።»
ሃያ ድስት አሰብኩ፣ ሃያ ክዳን፣ ሃያ እሳት።
«አትሸጥም» አልኩት።

ቀን ከደጅ ደጅ ዞሬ ቆጣሪ አነብና
ማታ በሽቦ ብሩሽ እፈትጋታለሁ እንደገና፤
ከኩሱ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ቢጫ፣
ከቢጫው ሥር የማኅበሩ ቁጥር፣ ሰባት፣
ጅራቷን ዝገት ሳይሆን ድንጋይ የበላት።

አባቴ ሙሄ ዐይኑ ከከዳው ወዲህ
የሚያየው በዱላው ጫፍ ነው።
በርጩማውን አስጠግቶ ጎኗን ያንኳኳል፤
ጥርት ብላ ስትጮህ ዝም ይላል፣
ድምጿ ሲደፈን ግን
«እዚህ ጋ ሳስቷል፣ ዙቤ።»
እኔም በጠመኔ እከባለሁ።

ከዚያ ውሃ ላይ ሳናወጣት ውሃ አወጣንባት።
ገልብጠን በአራት አሮጌ ጎማ አስቀመጥናት፣
የሰፈር ልጅ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ፣
ቀዳን፣ ቀዳን፣ ቀዳን፤
የቀዳነውን ሁሉ ቀዳዳዋ ቀዳ።
አረጉ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«ምነው፣ ዓሣ ልታረቢ ነው በደጅሽ?»
«አይ፣ ጠምቷት ነው።»
«አብሽሪ፣ ትጠግባለች» ብላኝ ሳቀች።
አሥራ ዘጠኝ ቦታ ታነባለች።

ደሴ ወጣሁ። የሙጋዱ በያጅ፣ ታጁ፣
ያመጣሁትን ቁራጭ አገላበጠ በእጁ፤
«ብረት ደግ ነው፣ ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፣
ይህ ግን ኩሩ ነው፤
ሳይቀላ ይቀልጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።
እሳት አታሳዪው። ልጠፊና በሪቬት ምቺው።»

ልጣፍ ከየት ይምጣ? ከወጥ ቤት።
የተጣመመ የድስት ክዳን በመቀስ ከፋፈልኩ፤
ቆራሌው ጀልባን ድስት ሊያደርግ ዞሮ ሲመኝ
እኔ ድስቱን ጀልባ አደረግሁ።
አሥራ ዘጠኙን ደፈንኩ።
ሃያኛዋ ከኋላ፣ ከታች፣ ከጭቃ ሥር ነበረች፣
ደርቃ የተደፈነች፣ ክብ፣ እንደ ሳንቲም የጠራች፤
ለእሷማ እጥፍ ላስቲክ፣ አሥራ ሁለት ሪቬት፣
የእጄ ሥራ ሁሉ ቁንጮ፣ የኮራሁባት።

በመጋቢት በልጉ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ።
ጠዋት ብወጣ ጀልባዬ እስከ አፏ ሞልታለች፣
አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰች!
እልል አልኩ። ከዚያ ጣሳ አመጣሁ።
ብቀዳ አይጎድልም፤ አራት ሰው ቢያዘነብላት
ወይ ፍንክች።
«ውታፉን ንቀዪዋ» አለ አባቴ።
«የቱን ውታፍ?»
ዝም አለ። ዱላውን ጥሎ በእጁ ዳሰሰ፣
አንድ፣ ሁለት… አሥራ ሁለት ሪቬት ቆጠረ፣
ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ።
«ይችንማ እኔው ነኝ የበሳኋት፣
ማፍሰሻዋ ናት።»

ከሰደርያው ኪስ፣ ከመቁጠሪያው ጋር፣
አንዲት አውራ ጣት የምታህል የወይራ እንጨት አወጣ፣
የጎማ ላስቲክ የተጠመጠመባት፣
ከእጅ ላብ የተነሳ የጠቆረች።
አምስት ዓመት ሙሉ!
ረስቷታል ያልነው ሰው
በየቀኑ ከኪሱ ያገላብጣት ኖሯል።

ሪቬቶቼን አንድ በአንድ ፈለፈልኩ።
ውሃው ወጣ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ።
ሰው ሲናናቅ «ውታፍ ነቃይ» ይላል፤
ይበል። የሙሄ ልጅ ውታፍ ነቃይ ነኝ፣
እስከ ጉልበቴ የራስኩ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር አወረድናት።
አባቴ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ።
ውታፏን አጠበቅሁ፤
ትንሽ ራቅ እንዳልን ወለሏን በዱላው
አንዴ አንኳኳ፣ ጆሮውን ጣለ፣
ደግሞ አንኳኳ።

ዝም አለ።