ጥፍር የምታክል

ሰኞ በጠዋቱ ከወረዳው ፍርድ ቤት
አንዲት ፍላሽ መጣች፣ ፖስታ ውስጥ ታሽጋ፣ ማኅተም አርፎባት።
«ባለሙያ ነህና ይህን ፎቶ መርምር፤
ሐሰት ካለበትም በጽሑፍ መስክር።»

ሞጣ ላይ ባለሙያ እንግዲህ እኔ ነኝ፣
መናኸሪያው ጀርባ፣ ወፍጮው ፊት ለፊት፣ ጠባብ ክፍል ያለኝ፤
ጉርድ ፎቶ አንሽ፣
ብጉር አጥፊ፣ የወለቀ ጥርስ መላሽ፣
ለሙት ዓመት መታሰቢያ
በሕይወቱ ላላሰረ ገበሬ ከራባት አልባሽ።

እንዳላማው ሞቷል። መሬት ትቷል፣ ሁለት ጥማድ፣ ወንዝ ዳር ተኝቶ።
ባንቺአምላክ «ሚስቱ ነኝ» ብላ ከሳለች፤ ማስረጃዋ ይኸው የሰርግ ፎቶ።
የሟች ወንድም ልየው ችሎት ፊት ቆሞ፣ ምሎ ተገዝቶ
«ሰርግ የሚባል አላየሁ፤ ይች ሴት ቅጥል ናት፤
በኮምፒውተር ቆርጠው ከጎኑ አቆሟት።»

መብራት እስኪመጣ እስከ አራት ሰዓት ጠበቅሁ።
ፎቶውን ልብ ብዬ አላየሁም፤ ክታቡን ፈታሁ።

እያንዳንዱ ፎቶ አንገቱ ላይ ክታብ አለው፣
በቆዳ ሳይሆን በቁጥር የተሰፋ፣ ዓይን የማያየው።
ልጆቹ ሜታዳታ ይሉታል።
በምን ካሜራ፣ በስንት ሰዓት፣ ብልጭታው በርቶ እንደሁ ጠፍቶ፣
ምስሉ ዝም ያለውን እሱ ይለፈልፋል።

ቀኑ የፈረንጅ ነው፣ ጃንዋሪ ሃያ፤ ሰዓቱ ዐሥራ አራት ከአርባ።
ስድስቱን ቀነስሁ፤ ዓመቱን ወደ እኛ መልሼ ሳሰላ፣
ሁለት ሺህ ዐሥር፣ ጥር ዐሥራ ሁለት፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ።
ካሜራው ምን ያውቃል ዕለቱ እንደነበረ ቃና ዘገሊላ፣
ሚካኤል በሆታ ወደ መንበሩ ሲገባ።

ታች ወረድሁ።
«የመጨረሻ ለውጥ»፦ ሁለት ዓመት አልፎ፣ በሰኔ።
የማስተካከያው ፕሮግራም ስም ተጽፏል። ተነክቷል ማለት ነው።
ከሥሩ የባለ ኮምፒውተሩ ስም፤
የኔ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። «አዎ፣ ተነክቷል» ብዬ ፈርሜ፣
ልየው እየሳቀ ከችሎት ይወጣል፤ አልዋሸሁም ደግሞ።
ግን ክታብ ውስጥ ሌላ ክታብ አለ፦
ጥፍር የምታክል ምስል፣ ፋይሉን ለመለየት የተቀመጠች።
ትልቁ ሲታረም አንዳንዴ እሷን ማንም አይነካትም፤
ከበር ኋላ እንደተረሳች ልጅ
ያየችውን ይዛ እንዳለች ትቀመጣለች።

አወጣኋት።
ባንቺአምላክ አለች፣ ነጭ ለብሳ፣ እጇ እጁ ውስጥ ገብቶ፤
እንዳላማውም አለ፣ የተከራየው ካባ ትከሻው ላይ ሰፍቶ፤
ማንም አልተቀጠለ።
ከኋላቸው ግን፣ በትልቁ ፎቶ ግራር ብቻ ካለበት፣
አንድ ሚዜ ቆሟል፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣
ደረቱ ላይ አበባ፣ ድዱ እስኪታይ ስቆ፤
ልየው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤
በሰኔ ዝናብ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ አንድ ሰው የመጣው፣
«ከወንድሜ ተጣላን፣ ከሰርጉ አውጣኝ» ብሎ ሃምሳ ብር የሰጠው።
ትከሻውን በቅጠል ሸፈንሁት፣ ጃንጥላውን በሰማይ፣
እጄ ያኔ ጎበዝ ነበር፣ ስፌቱ አይታይ።
ኋላም ባንቺአምላክ ባሏን ቀብራ፣
«ስልኬ ጠፋ፣ ያን ፎቶ ደግመህ ስጠኝ» ስትለኝ
ከዚያው ማኅደር ገልብጬ ሰጠኋት።
ገንዘቧን ቆጠርሁ፤ ፎቶውን አላየሁላት።

ሪፖርቴን ጻፍሁ፦
«ፎቶው ተነክቷል። የነካሁት እኔ ነኝ።
የተጨመረ የለም፤ የጎደለ አለ፤ የጎደለውም ተከሳሹ ነው።»
ትንሿን አሳድጌ አተምሁ። የልየው ፊት ተበትኖ
ዐሥራ ስድስት ካሬ ሆነ፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤
ዳኛው «ይህ ሰው ነው ወይስ የጣፈ ጨርቅ?» ቢሉኝ
መልስ የለኝ።

ፖስታውን ላሽግ ስል፣ ገና አሁን፣
ትልቁን ፎቶ አየሁት፣ ያለ ቁጥር፣ በገዛ ዓይኔ።
ጃንጥላው የለም። ከአናታቸው በላይ ጥርት ያለ ሰማይ።
የሙሽራዪቱ ግማሽ ፊት ግን ጠቁሯል፤
ደመና በሌለበት ጥር፣ በዚያ ፀሐይ፣
ጥላው አለ፣
ትከሻዋ ላይ።