ኖራ

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ኤሚል ቨርብካ መጣ ጋሪውን ገፋና።
አንድ ጆንያ ኖራ፣ የሲባጎ ልቃቂት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበት ኮት።
ሰባት እጅ ወጥቶ፣ አራት እጅ ታጥፎ፣
ቡድኗ ፈርሳለች፣ ደብዳቤው ተጽፎ፤
በሃልደን ከተማ፣ በነብራስካ ምድር፣
ይህን ያልሰማ ውሻ እንኳ የለም በግቢ የሚያድር።
ኤሚልም ሰምቷል።
ግን መጣ።

አጀማመሯማ እንዲህ ነበር አሉ፦
በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሦስት፣ በቆሎው ጎተራ ሲገባ፣
የተዋሷት ኳስ፣ ሞላላ እንደ ዱባ፤
ከፓስተሩ ግጦሽ ላሞቹን አስወጥተው፣
እበት እየዘለሉ ተሯሯጡ ተጋጭተው።
የመጀመሪያው ቀን ሰባ አንድ ለባዶ ተቀጥቅጠው መጡ፤
በሳምንቱ ደግሞ ጫማቸውን ቀብተው ወጡ።

ጦርነት ሲመጣ ሜዳው ድንች ሆነ፤
የኩቼራ ታናሽ ልጅ በባሕር ማዶ አፈር ተከደነ።
የተመለሱት ድንቹን ቆፍረው አወጡት፣
ሳሩን መልሰው ዘሩት።

አንድ ዓመት ብቻ ነው ያልተሸነፈችበት፤
በኦቶ ጸጉር ቤት ዛሬም ድረስ ነጥብ የሚጨመርበት።

መጨረሻዋን ግን እኔው አይቻለሁ፤
ስልሳ ሦስት ቁጥር፣ ተጠባባቂ፣
አራት መኸር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ።
በረዶ ይጥላል። ስድስት እኩል።
ሦስት ደቂቃ ሲቀር አሠልጣኝ ሊንድ ዞሮ
«ስልሳ ሦስት!» አለ። ስሜ የጠፋበት መሰለኝ።
ገባሁ። ገፉኝ። ወደቅሁ። ኳሷን አላየኋትም።
ስድስት እኩል አለቀ፤
እንዲህም ይሞታል ለካ፣
ሳያሸንፉ፣ ሳይሸነፉ።

ከዚያ ጨረታ። የራስ ቁሮቹን ማን እንደገዛ እንጃ፤
የግቡን ብረት አሳማ አርቢው ሽሚት ለበረቱ በር አደረገው፤
ገንዘቡ ለነርሶች ትምህርት ቤት ዋለ።
ይሁን፤ ሚስቴም እዚያ ነው የተማረችው፣ ክፉ አልናገርም።

«ማን ሊጫወት ነው፣ ኤሚል?» አልኩት በአጥሩ በኩል።
ዝም። የጋሪው ጎማ ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላል።
ጎንበስ ብሎ ያሰምራል፣ አምስት ያርድ፣ አሥር ያርድ፣
ነጭ ብናኝ ጫማው ላይ፣ ቅንድቡ ላይ።

ሰማንያ ስምንት መኸር በዚህች መስክ ኖራ፣
በአንድ ሌሊት ዝናብ ታጥባ ትሄድ ኖራ?

ይህን ሳብሰለስል ቀና አለና፣
«ሲባጎውን ያዝልኝ» አለኝ።
አጥሩን ዘለልኩ። ያዝኩለት።
«ጠበቅ አድርገው፣ ዱዌይን።»

ሜዳ ላይ ቀረን እንግዲህ፣ ሁለት ሰው፤
በምዕራብ በኩል ደመና ቋጥሯል።
አየነው።
ቀጠልን።